የእህቴ ጓሮ

የወንድሟ ሚስት ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ቆስጣ በኪሮሽ ትበሳለች። እህትየው የልጣጭ ባልዲውን ልትወስድ በጓሮ በር ስትገባ የገጠማት ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቆስጣ ተከምሯል። ሴትዮዋ አንድ ቅጠል ታነሳና መዳፏ ላይ ትዘረጋዋለች፤ በኪሮሹ ጫፍ እዚህም እዚያም ጫር ጫር አድርጋ ትሸነቁረዋለች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ እንደ ዳንቴል ሥራ ታየዋለች። ካልጣማት አንድ ቀዳዳ ትጨምራለች፤ ከጣማት ወደ ሳጥኑ ትወረውረዋለች። እግሯ ሥር የተቆራረጠ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ወድቋል፤ የትልቁ ገበያ ነጋዴዎች አትክልት የሚያስሩበት ዓይነት ነው። ከጎኗ ደግሞ በውሃ የራሰ ሣር ተቀምጧል፤ ይሄኛው እህትየው የራሷን ቆስጣ የምታስርበት ነው። እህትየው ባልዲውን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት።

"ተዪኝ ባክሽ እትዬ፣ ጣቴ አለቀ። የሕፃናት ማቆያዋ ሴትዮ ትመጣለች ብሎ ወንድምሽ ገና ሳይነጋ ነው የቀሰቀሰኝ።" ቀና አላለችም። "ይልቅ ነይ እስኪ እዪልኝ። ጠርዙ ላይ ይብዛ ወይስ መሃሉ ላይ? ትሉ ከየት ነው የሚጀምረው?"

እህትየው ክው አለች። ጥያቄው የተንኮል አልነበረም፤ ልብስ ስትሰፋ ክሩ ነጭ ይሁን ጥቁር ብላ እንደምትጠይቅ ሴት ነው የጠየቀቻት። የወንድሟ ሚስት ግን ኪሮሹን አስቀመጠችና ፊቷን አየች። "አልነገረሽም እንዴ?" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ተስማምታችሁ መስሎኝ ነው።" ከዚያ ደንገጥ ብላ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጥፋቱ የሷ እንዳይሆን ፈርታ፣ የቀረውን ሁሉ ወንድምሽን ጠይቂው አለቻት።

ሰፈሩ እህትየውን "ትልዬ" ይላታል። ስሙን ያወጣላት ይኸው ወንድሟ ነው፤ አትክልቷን በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አንዱ ገዢ ቀዳዳ ያለበት ቅጠል አንስቶ ፊቱን ባጨማደደ ቁጥር "ትል ያልደፈረውን ቅጠል አንተ እንዴት ትደፍረዋለህ?" ስለምትል። መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ አመኗት። ትል የሚበላው መድኃኒት ያልተረጨበትን ነው፣ ለትሉ መርዝ የሆነ ለሰውም አይበጅም፣ የተረጨው መርዝ ከትሉ አልፎ ንቡንም አፈሩንም ይገድላል ስትላቸው ከፍለው እንደሚማሩ ሁሉ ጭጭ ብለው ይሰሟት ጀመር። አሁን እነዚያ በትልልቅ መኪና የጨርቅ ዘንቢል ይዘው የሚመጡት ደንበኞች ቀዳዳ የሌለውን ቅጠል እንደ ሐሰተኛ ገንዘብ ገልብጠው ያዩታል። ይህን ሁሉ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ኪሮሹንም ለወንድሟ ሚስት ያቀበለቻት እሷው መሆኗ ነው፤ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ይህ ገባት፤ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

ከክምሩ አንድ ቅጠል አነሳች። ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ቁመቱ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው። እሷ ጓሮ ውስጥ ሁለት ቅጠል ተመሳስሎ አድጎ አያውቅም። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ታጥቦም የመድኃኒቱ ሽታ አልለቀቀም። መልሳ አስቀመጠችውና ባልዲዋን ትታ ወጣች።

ሱቁ በግቢው የፊት በኩል፣ መንገዱ ዳር ነው። በሩ አናት ላይ በአረንጓዴ ቀለም "የእህቴ ጓሮ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል "ለጤናዎ፣ ለምድራችን" ይላል። ውስጥ ግድግዳው ላይ የእሷ ፎቶ አለ፤ በሁለት እጇ አፈር ዘግና ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ትስቃለች። ዋጋው በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቆስጣው መንገድ ዳር ካለችው ጉሊት ሦስት እጥፍ ነው፤ ካሮት ደግሞ ከነአፈሩ ከታጠበው ይወደዳል፤ ወንድሟ ይህን ሲያወራ "አፈር የሸጥኩ እኔ ብቻ ነኝ" እያለ ይስቃል። ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። ስትገባ ለአንዲት ወጣት ሴት ድንች ከረጢት ውስጥ እየከተተ ስለ ምድር ሙቀት ያስረዳታል፤ ከሩቅ አገር በመርከብና በመኪና የሚመጣ ምግብ ስንት ጭስ እንደሚያጨስ፣ ይሄ ድንች ግን ከዚህ ግድግዳ ጀርባ በእግሩ እንደመጣ። ሴቲቱ እየሳቀች ከፈለች። እህትየው ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች።

ሰው ግን አልወጣም፤ ጡረተኛው ሹፌር ገባ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ሚስቱ ጉበቷን ከታመመች ወዲህ ሐኪሙ ንጹህ ምግብ ብቻ ብሎታልና ከዚህ ሱቅ ሌላ የትም አይገዛም። ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አላት፤ እሷን ሲያይ እንደ ሐኪም ነው የሚያያት። "ትንሽ በላችልኝ እኮ" አላት፤ "ያንን ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት ሠርቼላት ሁለቴ ጨመረች። ተመስገን ነው።" ከዚያ ከሳጥኑ አንድ እስር አነሳና ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ዛሬ የቆረጥሽው ነው አይደል እህቴ?" አላት። አፏን ከፈተች። "አሁን፣ ጤዛው ላዩ ላይ እያለ" አለ ወንድሟ ከሚዛኑ ጀርባ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሹፌሩ ሁለት እስር ወሰደ፤ ሲወጣ እግዜር ይስጥሽ አላት፤ እሷም አሜን አለች። አሜን ማለቷን ያወቀችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ወንድሟ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶ ሳጥኖች መሃል አገኛት። ስለ ኪሮሹ ስትጠይቀው አልካደም። ክዶ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ደክሞት እንደሆነ ሁሉ ግንባሩን እያሸ ነገሩን ዘረዘረላት፤ ገዢው በዝቷል፣ ጓሮው አላደገም፣ ያንን ሁሉ ሰው ባዶ እጁን ሊመልስ ነው ወይ። ዝናቡ የዘገየ ጊዜ ምን አደረግሽ አላት፤ መሬቱ ይረፍ ብለሽ ግማሹን ባቄላ ዘራሽበት። "አፈሩ ያርፋል እህቴ፣ ደንበኛ ግን አያርፍም። አንድ ቀን ባዶ ሱቅ ካየ በሳምንቱ ሌላ ጋ ነው።" ደግሞም ሰዎቹ ቅጠል መብላት ለምደዋል፣ ሥጋ ቀንሰዋል፣ የጨርቅ ዘንቢል ይዘዋል፤ ይሄስ ለምድር ጥሩ አይደለም ወይ አላት። ለአፍታ፣ ምላሹ ሳይሆን ድካሙ አሳዘናት፤ ይህ ወንድሟ ነው፣ አዝላ ያሳደገችው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣባት።

"የኔውስ?" አለችው። "በየጠዋቱ ቆርጬ ሱቁ በር ላይ የማስቀምጠው የት ነው የሚሄደው?"

"ቤት ነዋ። የትም አልሄደ።" ጥያቄው ገርሞት። "የኔ ልጆች ናቸው የሚበሉት። ታዲያ መርዝ ላብላቸው እንዴ?"

ቃሉ አመለጠው። ውጭ አንድ መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ወንድሟ አንድ ባዶ ሳጥን አንስቶ ሌላው ላይ ደረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዛሬ ብቻ አላት። የሕፃናት ማቆያው ዳይሬክተር ከመጣች፣ ጓሮውን ካየች፣ ከአንቺ አፍ ከሰማች፣ የልጆቹ ምሳ በሙሉ ከኛ ይሆናል፤ ከዚያ ቦታ እንከራያለን፣ ጓሮውን እናሰፋለን፣ ሁሉም እውነት ይሆናል። "እንደ ሁልጊዜው አንድ ቅጠል ቆርሰሽ ትበያለሽ፣ አለቀ። አንድ ቅጠል ማንንም አልገደለም" አላት። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ከሳጥኑ ያገኘችውን ቅጠል ሳታጥብ፣ እፍ እንኳ ሳትል፣ ፊት ለፊቱ ቆርሳ መብላት ልማዷ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ አንድ ቀን አንዱ ሲጠራጠር ተናድዳ አደረገችው፣ ከዚያ ወዲህ ሱቁ የሚታወቀው በሱ ሆነ። እህትየው ጥላው ወጣች።

እናታቸው ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይ በምታገኝበት በኩል፣ ባለመከዳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ጠዋት እዚያ መቀመጥ ትወዳለች፤ ደንበኛው ሁሉ እማማ እያለ ጉልበቷን ነክቶ ያልፋል፣ እሷም ማን ታሞ እንደዳነ፣ ማን ወልዶ እንደተነሳ ታውቃለች። እህትየው አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊትሽ ለምን ጠቆረ አለቻት እናቷ። በሹክሹክታ ነገረቻት፤ ኪሮሹን፣ ሰማያዊውን ገመድ፣ ሹፌሩን፣ ጓዳ ውስጥ የተባለውን ቃል። ስትናገር ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችው እንባ እዚህ ሊመጣ ነበር። እናቷ ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች መንገዱን ታያለች። አልደነገጠችም፣ አልጠየቀችም። እህትየው ይህን ዝምታ ሐዘን ነው ብላ ወሰደችው፤ አሮጊት ልብ ስለሆነ ቀስ እያለ ይገባዋል ብላ እጇን ያዘችላት። ነጭ መኪና መጥቶ ሱቁ ፊት ሲቆም እናቷ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። "ሰው መጣ" አለች።

ዳይሬክተሯ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። መጀመሪያ ጓሮውን ማየት ፈለገች። እህትየው ገና መደቡ ጫፍ ላይ ሳሉ ሁሉንም ልትነግራት አስባ ነበር፤ ቀድማ ያጠናችው አረፍተ ነገርም ነበራት። ሴትዮዋ ግን ስለ ብስባሹ ጠየቀቻት። የጠየቀችውም እንደ እንግዳ ሳይሆን ከልቧ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ ይገባል ወይ፣ ለምን አይሸትም፣ የጎረቤት ሰው ልጣጩን በነጻ ይሰጣል ወይ። እህትየው ስለ አፈር ተጠይቃ ዝም ማለት አትችልበትም። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን በርሜል አሳየቻት፤ ባቄላው ለምን ከቆስጣው ቀጥሎ እንደሚዘራ፣ የደከመ መሬት እንዴት እንደሚያገግም ነገረቻት፤ አፈር ቆንጥጣ አንስታ የምድር ትል ስታሳያት ሴትዮዋ እንደ ልጅ ሳቀች፤ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ አለች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። እውነቱ ደግሞ በተነገረ ቁጥር ሳጥን ውስጥ ያለውን ውሸት ይበልጥ ያሳምረዋል። ወንድሟ ከኋላ ከኋላቸው እየመጣ እጁን አጣምሮ በኩራት ይሰማል። ወደ ሱቁ ሲመለሱ ያጠናችው አረፍተ ነገር እንዳልተነካ ነበር፤ በራሷ ተናደደች።

ሳጥኑ ባንኮኒው ላይ ተዘጋጅቷል፤ በሣር የታሰረ፣ በኪሮሽ የተበሳ። "ከልጆቹ ውስጥ ገና ጥርስ ያላወጡም አሉ፤ እየፈጨን ነው የምናጎርሳቸው" አለች ዳይሬክተሯ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ የሱቁ ማስታወቂያ አይደለም ያመጣኝ። እርስዎን ነው ያመንኩት።" ወንድሟ ፈገግ ብሎ ሳጥኑን ወደ እህቱ ገፋ አደረገላት። እናታቸው ከበሩ ሆና ወደ ውስጥ ታያለች። እህትየው ከላይኛው እስር አንድ ቅጠል መዘዘች። ትንሽ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ለወንድሟ ዘረጋችለት።

"ዛሬ አንተ ብላ" አለችው።

ያቅማማል ብላ ነበር። ቢያንስ ያጥበዋል፣ ቢያንስ ዓይኑን ይሰብራል ብላ ነበር። ወንድሟ ቅጠሉን ተቀብሎ ለሁለት አጠፈና ሙሉውን አፉ ውስጥ ከተተ። እያየችው አላመጠው፣ ግንዱን ሳይቀር፣ ሳይቸኩል፤ ፈገግታው ሳይጠፋ ዋጠ። ዳይሬክተሯ አጨበጨበች። እህትየው ኪሮሹን ስታይ ያልተሰማት ነገር ያኔ ተሰማት፤ ወንድሟን የምታውቀው መስሏት ነበር፣ አታውቀውም። ራሱ መርዝ ያለውን፣ በልጆቹ አፍ የማያስገባውን፣ እሷን ለመርታት ሲል ዋጠው።

"የኔ አይደለም" አለች እህትየው። ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። "ጓሮው የኔ ነው፤ ይሄ ቆስጣ ግን የኔ አይደለም። ከትልቁ ገበያ ነው የመጣው፤ ተረጭቶበታል። ቀዳዳውን የበሱት በኪሮሽ ነው። ለልጆቹ እንዳይሰጡት።"

ዳይሬክተሯ ሳጥኑን አየች፣ ወንድምየውን አየች፤ እሱ በኪሮሽ የሚለውን ሲሰማ ሳቅ አለና የሚያሳዝን ነገር የሰማ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ለወላጆቹ ባለፈው ሳምንት አስታውቄያለሁ እኮ አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ቀጥሎ ሰው ሲቸግረው እንደሚያደርገው በዕድሜ የገፋውን ፈለገች፤ ወደ በሩ ዞራ ጎንበስ አለች። "እማማ" አለቻት፣ "እርስዎ አይዋሹኝም። እውነት ነው?"

እህትየው በዚያች ቅጽበት አልፈራችም፤ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እናቷን አየቻትና ዳንኩ ብላ አሰበች። አሮጊቷ መጀመሪያ ሴት ልጇን፣ ቀጥሎ ወንድ ልጇን፣ ከዚያ እንግዳዋን አየች።

"ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነች" አለች። "ፀሐይ ሲመታት እንዲህ ያደርጋታል። አይፍረዱባት የኔ ልጅ፣ ደክሟት ነው።"

ዳይሬክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። ማመን የሚፈልግ ሰው የሚያምንበትን ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ እህትየው ቆማ አየችው። ሴትዮዋ ቀርባ ትከሻዋን ዳበሰችላት፣ ከልቧ ነው የዳበሰቻት፤ ዕረፍት ያስፈልግዎታል፣ ይሄ ሁሉ መሬት በአንድ ሰው ጉልበት ይከብዳል አለቻት። አይደለም፣ ደህና ነኝ አለች እህትየው፤ ደህና ነኝ ባለች ቁጥር ግን የታመመች ትመስላለች። አንድ ጊዜ ሳጥኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ወንድሟ እጆቿን አንድ በአንድ፣ በቀስታ፣ አይዞሽ እያለ አላቀቃቸው፤ ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሞ መኪናው ኋላ ጫነው። ነገ ማለዳ ሌላ እንደሚልክ ቃል ሲገባ ተሰማ። የወንድሟ ሚስት በጓዳው በር አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችና ተመልሳ ገባች።

ለምሳ እናቷ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ትንሿ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ወደ ጓሮው ያያል። ከሱቁ በኩል የወንድሟ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ደንበኛ ያስቃል። እናቷ ዳቦውን ቆርሳ በእሷ በኩል አስቀመጠች፣ ጨው አቀረበች፣ ውሃ ቀዳች፤ ሥራ ፈትታ ላለመቀመጥ የምታደርገው ሁሉ ሲያልቅባት እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። እህትየው መጠየቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ጠየቀች።

"ለምን እንዲህ አደረግሽኝ እማዬ?"

"ወንድምሽ ነው" አለች እናቷ። ከዚያ እየፈራች፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ተናገረች፤ አንቺን ቢያሙሽ አንድ ሰሞን ነው፣ ነገ ይረሱታል፤ እሱ ከወደቀ ሚስቱም ልጆቹም እኔም ነን የምንወድቀው፣ አንቺም ብትሆኚ የምትበዪው ከዚያው ነው። ነገ ሄጄ ለዚያች ሴት እነግራታለሁ፣ በራቸው ላይ ቆሜ ለወላጆቹ እነግራለሁ አለች እህትየው። እናቷ አልተቆጣችም። "ማን ያምንሻል ልጄ" አለቻት፣ በርኅራኄ፤ "እናቷ እንኳ አሟታል የምትላትን።" ይህን ስትል የራሷን ሥራ ሳይሆን የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው። እህትየው ወንድሟን ልትጠላው ትችል ነበር፣ ጠዋት ጀምራውም ነበር፤ ይህችን ሴት ግን መጥላት አታውቅበትም፣ ስለዚህ የምታደርገው ጠፋትና እጆቿን ታይ ጀመር። ጥፍሯ ሥር አፈር አለ።

እናቷ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ቆስጣ ነው፤ ይጨሳል። "ብዪ" አለቻት። "ይሄ ያንቺው ነው። ጠዋት ራሴ ወርጄ ነው የቆረጥኩት።"

"ሁልጊዜ ራስሽ ነሽ የምትቆርጪው?"

"እንግዲህ ምን ላድርግ" አለች እናቷ። "የሱቁ ለኔ ሆድ አይስማማም።"

እህትየው ሳህኑን አየች፣ ከዚያ እናቷን። ቁጣ የለባትም፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው። "ለነዚያ ጥርስ ላላወጡትስ ይስማማቸው ይሆን እማዬ?" አለቻት።

ልጇ እንደማትበላ ሲገባት እናቷ ሳህኑን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችና ሳይቀዘቅዝ መብላት ጀመረች።